ከብረት ኩስ የሠራነው ብሎኬት

ዘንድሮ ክረምት የሰፈራችን ሰዎች ተዋጥተው ከበራችን ፊት ያለውን ጭቃ ለመሙላት አንድ ገልባጭ መኪና የብረት ኩስ አስመጡ። የብረት ኩስ የምንለው፣ ማቅለጫ ፋብሪካው ብረቱን ካቀለጠ በኋላ ከላይ ገፍፎ የሚጥለውን ዝቃጭ ነው። ሲቀዘቅዝ ግራጫና የተበሳሳ ድንጋይ ይሆናል። እዚህ ሰበታ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ወይ ጭቃ ይሞላበታል ወይ ገደል ይደፋል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድበት ሽታው ተነሣ። ተጭሮ የጠፋ ክብሪት ይሸታል፣ ትንሽም የተቀቀለ እንቁላል። ዣንጥላዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰርቪስ ቤቴን የተከራየችው ልጅ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች መጣችና፣ "እማማ እታገኝ፣ ምን ሆኑ? ይግቡ እንጂ፣ ይበርድዎታል!" አለችኝ። "ሽታው ነው" አልኳት። "አዎ፣ ይቀፋል አይደል? ለኮሚቴው እንነግራቸዋለን" ብላ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። እሷን የቀፈፋት ሽታ የባሌ የጌታነህ ሽታ መሆኑን ለመንገር ከየት ይጀመራል?

ያኔ ሰበታ እንደ ዛሬው ከአዲስ አበባ ጋር በሕንፃ አልተጣበቀችም። አለም ገናን ሲያልፉ ግራና ቀኙ የጤፍና የጓያ ማሳ ነበር። ሎንችናው ጣሪያው ላይ በግና የዶሮ ቅርጫት ጭኖ እያቃሰተ ይመጣና ካሴት ቤቱ በር ላይ ያራግፈናል። የካሴት ቤቱ ባለቤት አንድ ዘፈን ከወደደ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ነው የሚያጫውተው፤ እሱ የወደደውን ከተማው በሙሉ ሳይወድ በግዱ ይወዳል። ግጥሞቹን ረስቻቸዋለሁ፣ ማሲንቆው ግን ልብስ ሳጥብ አንዳንዴ ይመጣብኛል። ከጎኑ ዳቦ ቤት ነበረ። ትልቁ ዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ያውም ትኩስ፣ ያውም በጋዜጣ ተጠቅልሎ፤ ቤት ስንደርስ የጋዜጣው ፊደል ዳቦው ላይ ታትሞ እናገኘዋለን። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ የስልክ ቀፎ የሚሸጥበት ባለ መስታወት ሱቅ ቆሟል። ባለፈው ለቻርጀር ገብቼ ልጁን፣ "እዚህ እኮ ዳቦ ቤት ነበር" ብለው፣ "እሺ ማዘር" ብሎ መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ።

እኔ ክር ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ቅዳሜ ስንለቀቅ ሰማያዊ ፕሊሴ ጉርድ ቀሚሴን እለብስና፣ ጥቁሯን ባለ ተረከዝ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ ጭቃውን በኮንጎ ጫማ አልፌ አስፋልት ስደርስ እቀይር ነበር። ጌታነህን ያወቅሁት ጫማ ስቀይር ነው። በአንድ እግሬ ቆሜ ስንገዳገድ አንድ ረጅም ሰው መጥቶ ትከሻውን ሰጠኝ። ማቅለጫ ፋብሪካው ምድጃ ክፍል ነበር የሚሠራው። ካኪ ሸሚዙ በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። "ይኼን ምን በላብህ?" አልኩት። "ብረት" አለኝና ሳቀ። ሽታው ያኔም ነበረ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው። ስንጋባ እናቴ፣ "ይኼ ልጅ ጥሩ ነው፣ ግን ለምንድን ነው ሁልጊዜ ክብሪት ክብሪት የሚሸተው?" ብላኛለች።

ቦታ ነበረን፤ ቤት ግን አልነበረንም። ሲሚንቶ በወረፋ፣ በማኅተምና በአማላጅ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። በጭቃና በጭድ አንዲት ክፍል አቆምንና ገባንባት። በየክረምቱ አንዱ ጥግ እየረጠበ ይናዳል፤ በየመስከረሙ ጌታነህ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ይረግጣል። አንድ ቀን ታዲያ ከሥራ ሲመጣ ምሳ ዕቃው ከባድ ሆነብኝ። ስከፍተው ግራጫ ድንጋይ ነው። "ስበሪው" አለኝ። በዘነዘና ብመታው ዘነዘናው ነጥሮ ወደ ግንባሬ መጣ። ጌታነህ እንደዚያ ቀን ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

"ይኼ ድንጋይ እኮ አይደለም፣ ኩስ ነው!" አለኝ። "ከምድጃው ጀርባ ትኩሱ ኩስ የሚደፋበት የውሃ ቦይ አለ። ውሃው ሲነካው ይፈነዳና እንደ አሸዋ ይሆናል። አምና አንድ ሰው የተረፈ ኖራ እላዩ ላይ ደፍቶበት ነበር። ክረምቱን በሙሉ ረጥቦ ከረመ፣ ይኸውልሽ ዛሬ በዶማ አልነቅል አለ። እታገኝ፣ እኛ ሲሚንቶ ፍለጋ እንንከራተታለን፣ ምድጃው ሲሚንቶ ሲጥል ይውላል!"

ኩሱ ክረምት ሙሉ ሳያስጠብቅ የሚይዘው ግን እንደ ዱቄት ሲፈጭ ነው። ለዚህ ነው ኦቦ ለሜሳ ወደ ሕይወታችን የገቡት። ኦቦ ለሜሳ ከእኛ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ወንዙ ዳር የናፍጣ ወፍጮ ያላቸው ሰው ነበሩ። መብራት የደረሰበት ሰፈር የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲተክል የእሳቸው ወፍጮ ሰው አጥቶ ቆሞ ነበር። ጌታነህ ሐሳቡን ሲነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "የሰው እህል ስፈጭ ኖርኩ፣ አሁን ደግሞ የብረት ኩስ ልፍጭ? ዋቃዮ!" አሉ። ሲስቁ ቆይተው ግን ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ "መቼ ነው የምንጀምረው?" ብለው ጠየቁ።

ፋብሪካው ኩሱን የሚያነሣለት ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። በአህያ ጋሪ እናመጣዋለን፣ ኦቦ ለሜሳ ይፈጩታል፣ ጌታነህ ከፈረቃው ሲወጣ ከኖራ፣ ከትንሽ ጀሶና ከአሸዋ ጋር ያቦካዋል፣ በእንጨት ፎርማ ብሎኬት ይሆናል። ወፍጮው ሲነሣ የሚወጣው አቧራ ሰማዩን ይጋርደዋል። አፍና አፍንጫችንን በሻሽ እናስርና ዓይናችን ብቻ ይቀራል። ኦቦ ለሜሳ ሲስቁ ሻሻቸው ሲነፋ እናያለን። የእኔ ሥራ ውሃ ማጠጣት ነበር። የኩስ ብሎኬት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ከደረቀ ይፈረፈራል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሼ ጠዋትም ማታም በባልዲ አጠጣዋለሁ። ሰናይትን ከወለድኩ በኋላ ፋብሪካውን ትቼ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ። ልጄን ብሎኬቱ ጥላ ሥር አስተኝቼ፣ ወንዙን እየሰማሁ፣ በሰልፍ ለተደረደረ ግራጫ ነገር ውሃ እሰጣለሁ። ብቸኝነቱ አይከብደኝም ነበር፤ ማታ የሚመጣ ሰው ያለው ሰው ቀን ብቻውን ቢውል ምንም አይደለም። ይህን ያወቅሁት አሁን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ብሎኬቶች የደረሱ ዕለት ኦቦ ለሜሳ አንዱን ተሸክመው ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጡ። "ጌታነህ፣ ብትሰበር ናፍጣዬን ትከፍለኛለህ!" ብለው ለቀቁት። መሬቱ ጎደጎደ፣ ብሎኬቱ ጠርዙ ብቻ ተላጠ። ጌታነህ አንሥቶ አቀፈው፤ ልብሱ ተበላሸ፣ ግድ አልሰጠውም። በዚያ ብሎኬት ቤታችንን ሠራን። አሁን የምኖርበት ቤት ነው። የኦቦ ለሜሳ ጎተራ፣ የጎረቤት አጥር፣ የአንዲት ጠላ ሻጭ ጓዳ፣ እንዲህ እያለ ሥራው ሰው ዘንድ መታወቅ ጀመረ። ዓርብ ማታ ሦስታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሽሮ እንበላለን፤ ኦቦ ለሜሳ ጾም ባልሆነ ቀንም ከሽሮ ሌላ አይወዱም ነበር። ጌታነህ በእንጨት መሬቱን እየጫረ የፋብሪካ ንድፍ ይሥላል፤ እዚህ መፍጫው፣ እዚህ መጋዘኑ፣ እዚህ ደግሞ የእታገኝ የውሃ ቧንቧ። "በባልዲ አትቀጥይም" ይለኛል።

ሐጂ ሙዘይን የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። ሱሉልታ ላይ የእህልና የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ለሙሽሮቹ ሦስት ክፍል ይፈልጋሉ፣ ሲሚንቶ ግን አጥተዋል። ጌታነህ ብሎኬቱን ከሰበታ በጭነት መኪና አስጫነ። ለማጣበቂያውና ከበሮቹ በላይ ለሚዞረው ቢም የሚሆነውን ዱቄት ደግሞ በጆንያ አደረገ። ሱሉልታ ያኔ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ገለባ የተከመረበት፣ ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ንፋስ አጥንት የሚሰብርበት። ጥቅምት ነበር፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ሰበታ ላይ በጊዜው የሚይዘው ዱቄት እዚያ ብርዱ ያዘውና አልጠነክር አለ። ቢሙ በጣውላ ተደግፎ ቆመ፣ ሠርጉ ደግሞ እየቀረበ መጣ። ግንበኞቹ ጣሪያውን ለማሠር ጣውላው ይነሣ አሉ።

"ሐጂ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አላቸው ጌታነህ። ልጄን አዝዬ አብሬ ሄጄ ስለነበር ሰምቻለሁ። "ይይዛል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ብርዱ ነው ያዘገየው።"

"ልጄ ጌታነህ፣ እንግዳ ጠርቻለሁ። ድንኳን ተከራይቻለሁ። ሙሽራዋን ጣሪያ የሌለው ቤት ላስገባት?"

ጌታነህ ቢሙን በጥፍሩ ጫረው። በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አደረገውና ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ እኔን አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም፤ "እሺ፣ አንሡት" አለ። ጣውላው ተነሣ፣ ቢሙም ቆመ። ሐጂ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና ምሳ እንብላ ብለው ግንበኞቹን ሁሉ ወደ ግቢያቸው ወሰዱ። ገና እጃችንን ስንታጠብ ከጀርባ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰማን። ሮጠን ስንመለስ ቢሙ ለሁለት ተቆርጦ የሙሽሮቹ በር ላይ ወድቋል፤ ጠዋት ግንበኞቹ ቁጭ ብለው ሲሠሩበት የነበረው መሰላል ከሥሩ ተጨፍልቋል። ማንም አልተነካም። ሐጂ ወደ ጌታነህ ዞሩ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ቀስ ብለው፣ "ሰው ቢኖርስ?" አሉት። ያቺን ብቻ ነው ያሉት። ቢቆጡ ኖሮ ይሻለው ነበር። ግንበኞቹም ፍርስራሹን ማንሣት ጀመሩ፤ እኛም በመጣንበት መኪና ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ጌታነህ ወፍጮ ቤቱ አልሄደም። ኦቦ ለሜሳ መጡ፣ ደጋግመው መጡ። "ስማኝ፣ ብሎኬቱ ምን አደረገን? ብሎኬቱ ጤነኛ ነው። ቢሙን እንተወው፣ ብሎኬት ብቻ እንሥራ" አሉት። ጌታነህ አቀርቅሮ፣ "ሰው ቢኖርስ፣ ኦቦ ለሜሳ?" ነው የሚለው። "አልነበረማ!" "ቢኖርስ?" እንዲህ እየተባባሉ ቆዩና አንድ ቀን ኦቦ ለሜሳ ተቆጡ። "እኔ ወፍጮዬን ሰጠሁህ፤ አንተ ግን ከአንድ ሰው ሁለት ቃል ሰምተህ ጣልከኝ" ብለው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። ተከትዬ እስከ በር ሸኘኋቸው። "አንቺ ደህና ሁኚ፣ እታገኝ" አሉኝ። ወፍጮውን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት፤ ቦታቸውን ለቅቀውም ወደ ቡራዩ ወገን ሄዱ ሲባል ሰማሁ። የዓርብ ማታው በረንዳ ጸጥ አለ። እኔ ሽሮ እሠራለሁ፣ ጌታነህ ይበላል፣ ሰናይት በመካከላችን ታወራለች። ወንዝ ዳር የቀሩትን ብሎኬቶች ለትንሽ ጊዜ ማጠጣቴን አልተውኩም ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

የጌታነህ ሳል ቀስ ብሎ ነው የመጣው። የምድጃው ጭስም የወፍጮው አቧራም አንድ ላይ ሆነው ደረቱን ያዙት። ሰናይት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ በያዘች ጊዜ እሱ ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ነበር። ምድጃ ፊት ሲቆም የኖረ ሰው በበጋ ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። ሁለት ጋቢ ደርቤለት ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሲሞት ቤታችን ሙሉ ሰው ነበር፤ እንዲህም ሆኖ የእግሩን ኮቴ ስጠብቅ ራሴን አገኘዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ሐጂ ሙዘይን መጡ። አርጅተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ አንድ ጎልማሳ ልጃቸው ይደግፋቸዋል። አጠገቤ ተቀምጠው ብዙ ዱዓ ካደረጉ በኋላ፣ "ባልሽ ጨዋ ሰው ነበር። የሠራልን ቤት ይኸው የልጅ ልጆቼ አድገውበታል" አሉኝ። የተሳሳቱ መሰለኝ። "ሐጂ፣ የፈረሰውን ማለትዎ ነው?" አልኳቸው።

"የፈረሰውማ ቢሙ ነው። ሲሚንቶ ከዘመድ ተበድሬ ሌላ ቢም አፈሰስኩ። ግድግዳውን ግን አልነካሁትም። ያው የእናንተው ብሎኬት ነው። ያ ማጣበቂያው ደግሞ ያን ጊዜ እንቢ ያለው በሁለት በሦስት ወሩ እንደ ዓለት ሆነ። መስኮት ላሰፋ ብዬ ግንበኛ ብጠራ መዶሻ ሰበረብኝ እኮ!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው ድምፄን ከፍ ማድረጌን ያወቅሁት። "ታዲያ መጥተው ለምን አልነገሩትም?"

ሽማግሌው ደነገጡ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "የሚያውቅ መስሎኝ" አሉ። "እሱ የሠራው ነገር፤ የሚያውቅ መስሎኝ እኮ ነው፣ ልጄ።"

ከአርባው በኋላ ብቻዬን ሱሉልታ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ሁሉ ሕንፃና የታሸገ ውሃ ማከፋፈያ ሆኗል፤ ያ ሜዳ ጠፍቷል። ቤቱን ግን አገኘሁት። የሐጂ ምራት፣ ያኔ ሙሽራ የነበረችው፣ ልብስ ታሰጣ ነበር። ማንነቴን ስነግራት ወንበር አወጣችልኝ። "ክረምት ክረምት እንኳ አይረጥብም" አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ብላ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። በአንድ ጥግ ልስኑ ተላጦ ብሎኬቱ ይታያል። መዳፌን አሳረፍኩበት። ከሰበታ ሱሉልታ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጌታነህ አንድ ጠዋት ሎንችና ተሳፍሮ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ቆምኩ። እንባዬ ሲመጣ ሴትየዋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጨዋ ናት።

ሰናይት አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሷት እዚያ ነው የምትኖረው። ከዚያ እዚህ ለመምጣት አውቶቡስ ቀያይራ ግማሽ ቀኗ ያልቃል፤ ስለዚህ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ቅርብ ጊዜ ስትደውል፣ "እማዬ፣ ቴሌቪዥን ክፈቺ፣ የአባዬን ነገር እያሳዩ ነው!" አለችኝ። ከፈትኩት። ነጭ ካፖርት የለበሱ ወጣቶች ከብረት ዝቃጭ ሲሚንቶ እንደሚሠራ፣ ሲሚንቶ እንደሚያድን፣ አካባቢ እንደሚያጸዳ እየተናገሩ ነው። ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው፤ በጥናት፣ በሚዛን፣ በማሽን እየለኩ ነው የሚሠሩት። አንዷ ብሎኬት አንሥታ ለካሜራው ስታሳይ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ዞር ብዬ፣ "አየህ?" ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሶፋው ባዶ ነው። ሰናይት ስልኳን ዘግታለች። ተከራይዋ ሥራ ናት። ለማን ይባላል? በዓለም ላይ ይኼ ነገር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ እንደቀረኝ ያን ጊዜ አሰብኩ።

ኦቦ ለሜሳን ለማግኘት ብዙ ጠየቅሁ። ቡራዩ፣ ገፈርሳ ግድቡን አልፎ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ከልጃቸው ጋር እንዳሉ ነገሩኝ። ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ልጃቸው ጫልቱ ተቀበለችኝና በር ላይ ቀስ ብላ፣ "እማማ፣ ብዙ አይጠብቁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰው አይለዩም። አማርኛውም ጠፍቷቸዋል" አለችኝ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ፊት ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ እጆቻቸው ግን እነዚያው ትልልቅ እጆች ናቸው። "ኦቦ ለሜሳ፣ እታገኝ ነኝ። የጌታነህ ባለቤት" አልኳቸው። አተኩረው አዩኝ። የሱሉልታውን ነገርኳቸው። ግድግዳው እንደቆመ፣ ማጣበቂያው ኋላ እንደያዘ፣ ብሎኬቱ ጤነኛ ነው ያሉት እውነት እንደነበረ፣ የቴሌቪዥኑንም ሁሉንም ነገርኳቸው። ስናገር ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ፤ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ካወራሁ ቆይቻለሁ። ስጨርስ ፈገግ ብለው እጄን ያዙና፣ "ኦቦሌቲ ኮ፣ ኮቱ ታኢ" አሉኝ። እህቴ፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ጫልቱ አፍራ፣ "የሞተችው እህታቸው መስለዋቸው ነው" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እጄን አልለቀቁትም። የባሕር ዛፉ ቅጠል ይንሿሿል፣ ከግድቡ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ኦቦ ለሜሳ አንገታቸውን አስግገው ወደ ግቢው በር ተመለከቱ። ፊታቸው ላይ የመጠበቅ ነገር ታየ። "ጌታነህ ኤሳ ጂራ?" ብለው ጠየቁኝ። ጌታነህ የት ነው ያለው?

ጫልቱ ልትናገር ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ለዚህ ግን በቃኝ።

"ኒ ዱፋ" አልኳቸው። ይመጣል።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ወደ በሩ አብሬያቸው ማየት ጀመርኩ።